ውሻዬን ጸጉር ላስቆርጥ ወስጄው ቆስሎ ተመለሰ፣ ምን ላድርግ? (ጅማ)

የቡቺ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው የምኖረው። ቡቺ የሚባል የ4 ዓመት ውሻ አለኝ፣ ነጭ፣ ጸጉራም፣ ከጉልበቴ በታች የሆነ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ጭቃና እርጥበት ሲፈራረቅበት ከርሞ ጸጉሩ እንደ ሱፍ ተቋጥሮ ነበርና ውሻ የሚያጥብና የሚቆርጥ ሰው አለ ሲሉኝ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በባጃጅ ወሰድኩት። 600 ብር ከፈልኩ። «ባለቤቱ አጠገቡ ካለ ይረብሻል፣ ሂጂና 7 ሰዓት ነይ» አለኝ። ሄድኩ። እሱ ነው አሁን የሚቆጨኝ።

ስመለስ ቡቺ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል። ሲያየኝ እንደ ወትሮው አልዘለለም፣ ሽንቱን ለቀቀው። ቤት ወስጄ ሳገላብጠው ብሽሽቱ ላይ እንደ ተቃጠለ የቀላ መስመር አለ። አንድ የፊት እግሩ ጥፍር ከሥሩ ተቆርጦ ደም ደርቆበታል። አንገቱ ዙሪያ ደግሞ የገመድ ምልክት። ደውዬ ስጠይቀው «ውሻሽ ክፉ ነው፣ እኔንም ነክሶኛል» ብሎ ጭራሽ እኔ ላይ ጮኸብኝ። ቡቺ እኮ የጎረቤት ልጆች ጆሮውን ሲጎትቱት ዝም የሚል ነው።

ይሄ በሥራው የሚያጋጥም ነገር ነው ወይስ መቶታል? ቁስሉንስ ምን ላድርገው? እናቴ የቡና ዱቄት ነስንሺበት እያለችኝ ነው።

ነጭ ጋዋን፦
እህቴ አይዞሽ። የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። እናትሽን አክብሪልኝና ቡናውን ግን ተይው። ቁስሉን ያቆሽሸዋል፣ ውሻው ደግሞ ይልሰዋል፣ ቡና ለውሻ አይሆንም።

ቀዩ መስመር ከቶንዶዝ ግለት የመጣ ይመስለኛል። ቶንዶዝ ረጅም ጊዜ ሲሠራ ምላጩ ይግላል፣ የብሽሽት ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በየመሐሉ ምላጩን በራሱ ክንድ ላይ ነክቶ ያየዋል፣ ከጋለ ያሳርፈዋል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጪበት። የሰው ቅባት አትቀቢው። እንዳይልሰው አሮጌ ቲሸርት አልብሺውና ጠርዙን ወገቡ ላይ ቋጥሪው። ውሃ ካዠ ወይ ከሸተተ ወደ ሐኪም።

ጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ አለ፣ ለዚህ ነው እንደዚያ የሚያመው። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ ይታያል፣ ጥቁር ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ አንድ ጥፍር መድማቱ ጥንቁቅ ሰውም ላይ ይደርሳል። ከደረሰ ግን ጫን አድርጎ ይዞ ደሙን ማቆምና ለባለቤቱ መንገር ነው እንጂ ዝም ብሎ መስጠት ምን ይባላል? እንደገና ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገሽ ያዢው፣ በቆሎ ዱቄትም ይረዳል።

እኔን ያሳሰበኝ አንገቱ ነው። ካሳለው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ሲውጥ ከተቸገረ ወይ ትንፋሹ ከከበደ ነገ አትበዪ። የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ግብርና ኮሌጁ ግቢ ነው፣ በባጃጅ ሩቅ አይደለም።

ደግሞ ነክሶኛል ብሏል አይደል? ቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለው?

የቡቺ እናት፦
ቡና ቀርቷል። እናቴ አኩርፋለች 😅 ክትባቱን ግን... ካርዱን አየሁት፣ ጊዜው ካለፈ 5 ወር ሆኖታል።

ነጭ ጋዋን፦
እንግዲያው ተናደሽበትም ቢሆን ሰውየው ጋ ደውዪ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠበው፣ ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድና ክትባት የሚያስፈልገው መሆኑን እነሱ ይወስኑ። ቡቺን ግቢ ውስጥ አስረሽ 10 ቀን ተከታተዪው፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይ ምራቁ ከተዝረከረከ ለክሊኒኩ ንገሪ። ቀልድ አይደለም ይሄ።

መቀስና ማበጠሪያ፦
እኔ አዲስ አበባ ውሻ በማጠብና በመቁረጥ ነው የምተዳደረው፣ ስለዚህ ትንሽ ልከራከር። የተቋጠረ ጸጉር ቆዳውን ይጎትታል፣ ሲነካ ያማል፣ ለስላሳ ውሻም ይናከሳል። 4 ወር ሳይበጠር የመጣን ውሻ ሳላሳምም ፍታልኝ የሚለኝ ደንበኛ በየሳምንቱ አለ። አይፈታም፣ ይላጫል። ከቋጠሮው ሥር ቀድሞ የቆሰለ ቆዳም አገኛለሁ። ስለዚህ ቅላቱ ሁሉ የሰውየው ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ይሄን ስልሽ እንዳይከፋሽ።

የገመዱ ምልክት ግን ሰበብ የለውም። ጠረጴዛ ላይ ስንሠራ አንገቱ ላይ ገመድ እናደርጋለን፣ እውነት ነው። ግን አንድ እጅ ሁልጊዜ ውሻው ላይ ነው፣ ዞርም አይባል፣ ከወረደ ይሰቀላላ! እንደዚያ ዓይነት ምልክት የሚቀረው ውሻው ሲታገል ከቆየ ነው። ወይ አስሮት ወጥቷል፣ ወይ ሲታገል እያየ ቀጥሏል። እኔ ብሆን መናከስ ሲጀምር አቁሜ እደውልልሽ ነበር።

በምን እንዳደረቀውም ጠይቂው። የሴቶች ጸጉር ቤት ፎን በሙቅ ለቀው አፉን ደግሞ ጥርቅም አድርገው የሚያስሩ አሉ። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፣ አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። አፉን ዘግተህ ሙቅ አየር ስትለቅበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ታዛቢው፦
ለውሻ ጸጉር 600 ብር? ሰው በሚራብበት አገር። ይገርማል።

የጅሬን ልጅ፦
@ታዛቢው ጥያቄው ስለ ብሩ አይደለም ወንድሜ። እኔም ሙስሊም ነኝ፣ እኛ ቤት ውሻ ከግቢ አያልፍም። ግን ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘውን ሰውዬ ታሪክ ያልሰማ ልጅ አለ?

እህቴ፣ በምን እንዳጠበውም ጠይቂ፣ እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። አምና አንዱ መዥገር አጠፋልሃለሁ ብሎ ጠባቂ ውሻችንን ለከብት በሚረጨው ዲያዚኖን አጠበው፣ በዓይኑ ለክቶ። ማታ ላይ ምራቁ በገመድ እየወረደ፣ እግሩ እየተብረከረከ፣ ሲያስታውክ ነበር። ሐኪሙ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ ወጋውና ተረፈ። ያዳነን አባቴ ጠርሙሱን ይዞ መሄዱ ነው። ሐኪሙ ስሙን አንብቦ ወዲያው ገባው።

ሦስት ልጆችና አንድ ውሻ፦
መከሰሱን አስቢበት፣ ግን መጀመሪያ ማስረጃ። ዛሬ ፎቶ አንሺ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ጥፍሩንም አንገቱንም። የክሊኒኩን ወረቀት ያዢ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻሽን ከሄድሽ ጭቅጭቅ ነው። ካልሰማ ንግድ ፈቃድ አለው ወይ የሚለውን ቀበሌ ጠይቂ። ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ፣ እንግሊዝ አገር እንኳ ይሄን ሥራ ለመሥራት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ቶንዶዝ የገዛ ሁሉ ባለሙያ ነኝ ማለት ይችላል። እኔ «አጠገቡ ልቁም» እላለሁ፣ እምቢ ካለ ውሻዬን ይዤ እመለሳለሁ።

የቡቺ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሊኒክ ወሰድኩት። ጉሮሮው ደህና ነው፣ ጥፍሩ ተጠርጎ ታሰረ፣ ለቅላቱ የሚቀባ ሰጡኝ። ክትባቱን 10 ቀኑ ሲያልቅ ነይ ብለውኛል።

ሰውየው ጋ ከአጎቴ ጋር ሄድን። ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ነግሬው ስለነበር ሄዷል፣ እጁ ላይ ፋሻ አለ። መጀመሪያ ሊጮህ ነበር። አጎቴ ቀስ ብሎ «ልጄ፣ ምሳ የት በላህ?» አለው። ዝም አለ። ለካ ጠረጴዛው ላይ አስሮት ምሳ ሄዶ ነበር! ሲመለስ ቡቺ ወርዶ ገመዱ ላይ ሲንፈራገጥ አገኘው፣ ሊያነሳው ሲል ነከሰው። እኔም ብሆን እነክሰው ነበር። 600ውን መለሰ፣ አጎቴ 200ውን ለመድኃኒትህ ብሎ ተወለት። እኔ አልተስማማሁም ግን በትልቅ ሰው ፊት ምን እላለሁ።

ከእንግዲህ ቤት ላጥበው ነው። ማበጠሪያው ምን ዓይነት ይሁን? የውሻ የሚባለው እዚህ አላገኘሁም።

መቀስና ማበጠሪያ፦
ገበያ ገብተሽ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ የብረት የሰው ማበጠሪያ ግዢ፣ ይሠራል። ከጸጉሩ ጫፍ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ወደ ቆዳው ሂጂ፣ ከሥር አትጀምሪ። ቋጠሮ ስታገኚ ሥሩን በጣትሽ ያዢው፣ ቆዳው እንዳይጎተት። ሳይታጠብ በፊት ነው የሚፈታው፣ ውሃ ከነካው ይጠብቃል። ውሃው ለብ ያለ፣ ጆሮው ውስጥ እንዳይገባ። የልብስ ሳሙና አይሆንም። ቅላቱ እስኪድን ግን አትጠቢው፣ እግሩንም ለጊዜው አትንኪበት፣ እጅ ሲያይ ይሸሻል። እጅሽን ዘርግተሽ ቁጭ በይና እሱ ራሱ ይምጣ።

የቡቺ እናት፦
ዛሬ ማታ መጣ። አሸተተኝና እግሬ ላይ ተኛ።