የፊኒየስ ጌጅ አደጋ ስለ አንጎል በእርግጥ ምን አረጋገጠ?

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ተማሪ

ለፈተና ስዘጋጅ ያነበብኩት አንድ ነገር አላሳመነኝም። እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ የነበረው ፊኒየስ ጌጅ አለት ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈንድቶ፣ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ርዝመትና 6 ኪሎ ግራም ግድም ክብደት ያለው ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ተርፎ ከ11 ዓመት በላይ ኖረ፤ ጠባዩ ግን ተለወጠ ይባላል። ከዚህ ተነሥቶ የሰው ጠባይ መቀመጫው የፊት አንጎል ነው ማለት ይቻላል? በአንድ ሰው አደጋ ላይ ይህን ያህል መገንባት እንዴት ተፈቀደ?

መልስ፦ የታሪክ አንባቢ

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ሐኪሙ ጆን ሃርሎ በ1848 ባወጣው ዘገባ ስለ ጠባዩ ብዙም አልተናገረም። ወዳጆቹ «ይህ ጌጅ አይደለም» እስኪሉ ድረስ ግልፍተኛና ተሳዳቢ ሆነ የሚለው መግለጫ የታተመው በ1868 ነው፤ ጌጅ ግን የሞተው በ1860 ነበር። ሲሞት አስከሬኑ ስላልተመረመረና ሃርሎ እጅ የገባው በኋላ ከመቃብር የወጣው የራስ ቅሉ ብቻ ስለነበረ፣ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደተጎዳ የሚነገረው ሁሉ ከአጥንቱ ቀዳዳ የተገመተ ነው። በዚያ ላይ ጌጅ ቺሊ ሄዶ በፈረሶች የሚሳብ የመንገደኞች ሠረገላ ለዓመታት ነድቷል። በርካታ ፈረሶችን በአንድ ጊዜ ተቆጣጥሮ፣ ሰዓት ጠብቆ፣ መንገደኛ አስተናግዶ የሚያድር ሰው መማሪያ መጽሐፉ ከሚለው ይልቅ ያገገመ ይመስለኛል።

መልስ፦ የዓይን ሐኪም

ጌጅ ዝነኛ ሆነ እንጂ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ1904 እና 1905 በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ወቅት፣ ወጣቱ የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖዬ የጡረታ አበል እንዲወሰንላቸው የቆሰሉ ወታደሮችን ዕይታ ይመረምር ነበር። የሩሲያ ጠመንጃ ጥይት 7.62 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያለውና እጅግ ፈጣን በመሆኑ ብዙ ጊዜ የራስ ቅሉን ሳይሰባብር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ኢኖዬ መግቢያውንና መውጫውን በመስመር እያገናኘ የተጎዳውን ቦታ ያሰላል፤ ከዚያም ወታደሩ ማየት የተሳነውን የዕይታ መስክ ክፍል ከዚያ ጋር ያመሳክራል። በዚህ መንገድ፣ የምናተኩርበት የዕይታ መሃል በኋለኛው አንጎል ላይ ከጠርዙ ይልቅ እጅግ ሰፊ ቦታ እንደሚይዝ አሳየ። ሥራውን በ1909 አሳተመ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ የብሪታንያ ጦር የነርቭ ሐኪም የነበረው ጎርደን ሆምስ በብዙ ቁስለኞች ላይ ተመሳሳይ ካርታ ሠራ። ሰው ለመግደል የተሠራ ጥይት መለኪያ መሆኑ ይዘገንናል፤ ነገር ግን የሆነው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ተማሪ

አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወድቆ ሰፈሩ ቢጨልም ምሰሶው ኃይል ያመነጭ ነበር አንልም። ታዲያ የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ችሎታ መጥፋቱ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ የነርቭ ሳይንስ መምህር

በአንድ ጉዳት ብቻ ከሆነ፣ ብዙም አይነግረንም። ተቃራኒ ጉዳቶች ሲነጻጸሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 ፓሪስ አጠገብ ያገኘው በሽተኛ የሚነገረውን ይረዳ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። በ1874 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ የገለጻቸው በሽተኞች በአንጻሩ ያለ ችግር እየተናገሩ የሰሙትን አይረዱም፤ ጉዳታቸውም ከብሮካ በሽተኛ ጉዳት በስተኋላ ነው። አንዱ ያጣውን ሌላው ስለያዘው፣ ሁለቱ ችሎታዎች የተለያየ መሠረት አላቸው ማለት እንችላለን።

በአንድ ሰው ውስጥ እንኳ ይህ መለያየት ይታያል። ሄንሪ ሞላይሰን በ1953 ለሚጥል በሽታው ሕክምና ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎሉ የውስጥ ክፍል ከሁለቱም ወገን በአብዛኛው ከተወገደ በኋላ አዲስ ትዝታ መያዝ ተሳነው። ሆኖም የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲሥል ስታደርገው እጁ ከቀን ወደ ቀን ሠለጠነ፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት መሞከሩን አያስታውስም ነበር።

የምሰሶው ጥያቄዎ ብሮካንም ይነካል። የበሽተኛውን አንጎል ሳይቆርጥ ስላስቀመጠው፣ ተመራማሪዎች በኤምአርአይ አይተው ውጤቱን በ2007 አሳተሙ፤ ጉዳቱ ብሮካ በአንጎሉ ገጽ ላይ ካየው ቦታ አልፎ፣ ክፍሎችን እርስ በርስ የሚያገናኙትን የውስጥ ነርቮች ጭምር የነካ ሆኖ ተገኘ።