የ1974 ፊያት 124 ስፓይደር፦ የበሩን ግርጌ ላሜራ ከቀየርኩ በኋላ በሩ አልዘጋ አለኝ

ጥያቄ
ጸሐፊ፦ ባለስፓይደሩ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ፔንስልቬንያ ገጠር በአንድ የእህል ማከማቻ ውስጥ 19 ዓመት ቆሞ የነበረ እ.ኤ.አ. የ1974 ፊያት 124 ስፓይደር (ቋሚ ጣሪያ የሌለው ክፍት መኪና) ገዝቼ ከሥራ መልስና በየቅዳሜው እያደስኩት እገኛለሁ። ጥያቄዬ ስለ ቦዲው ነው፤ ሆኖም መልስ የሚሰጠኝ ሰው መኪናው ያለበትን ደረጃ እንዲረዳልኝ ከመነሻው ብጀምር ይሻላል።

ልጅ ሳለሁ የክረምት ዕረፍቴን የማሳልፈው አዲስ አበባ በአጎቴ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን በናፍጣ እያጠብኩ ነበር። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጓርኒሲዮን የምንላቸው ቃላት ጣሊያንኛ መሆናቸውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የዚህን መኪና የጥገና መጽሐፍ በጣሊያንኛ ሳገኘው፣ ቋንቋውን ሳልማር የክፍሎቹን ስም ግማሽ ያህሉን ማንበብ ቻልኩ፤ መኪናውን እንድወደው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሌላው አሠራሩ ነው። ቅርጹን የነደፈው ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ሲቀርብ አራቱም ጎማዎች ዲስክ ፍሬን ነበራቸው፤ ካምቢዮውም ባለ አምስት ማርሽ ነበር። ሞተሩን የሠራው ቀደም ሲል በፌራሪ ያገለገለው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሲሆን፣ ሁለቱ ካምሻፍቶች (ባልቦላዎቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) የሚዞሩት ጥርስ ባለው የላስቲክ ችንጋ ነው። የእኔው 1,756 ሲሲ ነው።

ሞተሩ መጀመሪያ ላይ ፈጽሞ አልዞርም ብሎ ነበር። አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ በየሲሊንደሩ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ደባልቄ ጨመርኩና በየማታው በትልቅ ቁልፍ እየሞከርኩ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። በዘጠነኛው ማታ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ተንቀሳቀሰ፤ በማግስቱ ሙሉ ዙር ዞረ። ከዚያ የጭስ ማውጫው ቡሎኖች ተራ ደረሰ። ሁለቱን ሰበርኳቸው። ሦስተኛው ላይ አጎቴ ያደርግ የነበረው ትዝ አለኝና ቡሎኑን በእሳት አግዬ ጧፍ አስነካሁት፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ሲገባ በዓይኔ አየሁት፣ ጥቂት እንደቀዘቀዘም ቡሎኑ ያለ ምንም ጩኸት ተፈታ። የቀሩት አምስቱ በዚሁ መንገድ ወጡ። ለብዙዎቻችሁ ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ነግሬያታለሁ።

አሁን ሞተሩ ይሠራል፤ ችግሩ ላሜራው ነው። በዚህ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር በልቶታል። ባለፈው መኸር የግራውን በር ፈትቼ አወረድኩ፣ መኪናውን ከፊትና ከኋላ ጫፉ ላይ በብረት መቆሚያ አስቀመጥኩ፣ ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ሳጥን መሰል ላሜራ ውጭኛውንም ውስጠኛውንም በሙሉ ቆርጬ አነሳሁ፤ በፖስታ ያስመጣሁትን አዲሱን በየድኩ። የመጣው ላሜራ በርዝመት 12 ሚሊሜትር ያጥር ስለነበር ቅጥያ ሠርቼለታለሁ። ብየዳው ያማረ ነበር። በሩን መልሼ ስሰቅለው ግን የኋላው የላይኛው ማዕዘን ከቁልፉ ምሰሶ ጋር ይጋጫል። ክፍተቱ ከላይ 1 ሚሊሜትር፣ ከታች 8 ሚሊሜትር ነው። ከማጠፊያው ሥር ቀጭን ማስተካከያ ብረት አስገብቼ ሞክሬያለሁ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ከዚህ በተጨማሪ በግራ በኩል የፊቱ ሞላና አሞርቲዘር የሚቀመጡበት ማማ ላይ፣ ጎማውን የሚይዘው የላይኛው ክንድ ቡሎን በሚያልፍበት አካባቢ ዝገት አይቻለሁ። ሦስት ወር የፈጀብኝን ብየዳ መልሼ መቁረጥ አለብኝ? ወይስ በሩን ሞርጄ ማስተካከል ይቻላል? እውነቱን ለመናገር መኪናውን በክፍል በክፍል ለመሸጥም ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩ።

መልስ 1
ጸሐፊ፦ የቶሪኖዋ በያጅ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ የምሠራው ቶሪኖ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቦዲ ጥገና ቤት ነው፤ እርስዎ የገጠመዎት ነገር ክፍት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድስ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። እባክዎ በሩን አይሞርዱት። በሩ ትክክል ነው፤ ተሳስቶ የቆመው መኪናው ነው።

ጣሪያ ያለው መኪና ክብደቱን ከላይም ከታችም ይሸከማል። ስፓይደር ግን ጣሪያ ስለሌለው የፊቱንና የኋላውን ክፍል አያይዞ የሚይዘው በዋናነት እርስዎ ቆርጠው ያነሱት ሳጥን ነው። ጫፍና ጫፉ በመቆሚያ ላይ ሆኖ መሐሉ ሲቆረጥ፣ ወገቡ ወደ ታች ይረግባል፤ ወገቡ ሲረግብ ደግሞ የበሩ ቀዳዳ ከላይ ይጠብና ከታች ይሰፋል። የጻፉልን 1 እና 8 ሚሊሜትር በትክክል ይህንኑ ነው የሚናገረው። በዚያ ሁኔታ ላይ እንዳለ አዲሱን ላሜራ ስለበየዱት፣ መኪናው የረገበ ቅርጹን ይዞ ደርቋል።

ስለዚህ አዎ፣ መቁረጥ ይኖርብዎታል፤ ነገር ግን ሁሉንም አይደለም። በመጀመሪያ መኪናውን ጎማው በሚሸከምበት ቦታ ያሳርፉት፤ ማለትም መቆሚያዎቹን ከፊት በክንዶቹ ሥር፣ ከኋላ በአክሱሉ ሥር ያድርጓቸው። ከዚያ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ ቁልፉ ምሰሶ የሚደርስ፣ በዳዶ የሚረዝምና የሚያጥር የብረት ዘንግ በበሩ ቀዳዳ ውስጥ በላይኛው በኩል ይበይዱ። አዲሱን ላሜራ ከፊት ምሰሶ ጋር የተያያዘበትን መስመር ብቻ ይቁረጡ፤ ወለሉን መሐል ላይ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርገው በክሪክ እጅግ በዝግታ ያንሱ፣ ዘንጉንም በዚያው ልክ ያስረዝሙ። በሩ ተሰቅሎ ሥራው መሠራት አለበት፤ በሩ ራሱ መለኪያዎ ነው። እኛ ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ስናገኝ እናቆማለን።

ከመበየድዎ በፊት ከግራው በር ማጠፊያ እስከ ቀኙ በር ቁልፍ፣ ከዚያም ከቀኙ ማጠፊያ እስከ ግራው ቁልፍ በሜትር ይለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መኪናው መርገብ ብቻ ሳይሆን ተጣሞም ይሆናልና በዚያው ያቁሙ። ሲበይዱም በ0.6 ሚሊሜትር ሽቦ፣ ከ2 ሴንቲሜትር በማይበልጥ አጭር ብየዳ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉ ይሥሩ፤ አንድ ቦታ ላይ የተከማቸ ሙቀት ላሜራውን ይጎትተዋል። የላሜራውን ማጠር በቅጥያ መፍታትዎ ደግሞ ጥሩ አድርገዋል፤ ቦዲውን ወደ አጠረው ላሜራ ስበውት ቢሆን ኖሮ ችግሩ ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር።

መልስ 2
ጸሐፊ፦ የላዳው መካኒክ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ስለ በሩ እህታችን የጻፈችው በቂ ነው። እኔ ስለ ማማው ልጻፍ።

እኔ ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ላይ ነው። ላዳ ከፊያት 124 ሴዳን የተወለደ መኪና መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሩሲያውያኑ ቦዲውን አጠናክረው፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በከበሮ ለውጠው፣ ሞተሩንም በሌላ ተክተው ነው ያወጡት። የፊት እግሩ አሠራር ግን ያው ሁለት ክንድ፣ ሞላና አሞርቲዘር ነው፤ ስለዚህ ጠያቂው የገለጸውን ቦታ በደንብ አውቀዋለሁ። እዚህ ጨው የለም፤ እኛን የሚጎዳን ኮብልስቶኑና ጉድጓዱ ነው። ማማው በቡሎኑ ዙሪያ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይጀምራል፣ ባለታክሲውም ጎማው ወደ ውስጥ አጋድሎ አንድ ጎኑን ሲበላ ነው የሚያውቀው።

ዝገቱን ከውጭ በማየት አትፍረድ። የላይኛውን ክንድ አውርድና በካቻቢቴ ጫፍ በእርጋታ እየወጋህ ሂድ፤ የሚበሳው ሁሉ መቆረጥ አለበት፣ ንጹሕ ብረት እስክታገኝ ድረስ። እዚያ ቦታ ላሜራው ድርብ ስለሆነ ዝገቱ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው፤ ከላይ ልጥፍ ብቻ ብታደርግበት ውስጡ መብላቱን አያቆምም። አዲሱን ቁራጭ ከቀድሞው ውፍረት ባልሳሳ ብረት ሥራው፣ ማዕዘኖቹን ክብ አድርጋቸው፤ ሹል ማዕዘን ስንጥቅ ይጠራል። ከመቁረጥህ በፊት ግን የቡሎኑን ቀዳዳ ቦታ ከሦስት የማይነቃነቁ ነጥቦች ለክተህ ጻፍ፤ ቀዳዳው ጥቂት ሚሊሜትር ከሸሸ የጎማው አቋቋም አይስተካከልልህም። ስቱኮ እዚያ አካባቢ እንዳይደርስ። አንድ ደንበኛ ይዞት የመጣ ላዳ ላይ፣ ከእኔ በፊት የሠራው ሰው ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበት ነበርና ክንዱ በጉዞ ላይ ተነቅሏል፤ ሰው አለመጎዳቱን ዛሬም አመሰግናለሁ።

የላዳ ዕቃ ይገጥመኛል ብለህ ደግሞ ሳትለካ እንዳትገዛ። ሶማሌ ተራ ስትሄድ መልኩ አንድ የሆነ ዕቃ ታገኛለህ፤ መልክ ግን ልኬት አይደለም። ክፍል በክፍል እሸጠዋለሁ ያልከውን ስላየሁ አንድ ነገር ልጨምር፦ 19 ዓመት የቆመ ሞተር በእጅህ ተነሥቶልሃል። ቀሪው ብረት መቁረጥና መቀጠል ነው፤ እሱን ደግሞ አጎትህ ጋራዥ ውስጥ ቆመህ አይተኸዋል።

መልስ 3
ጸሐፊ፦ አምስተኛ ማርሽ (ቨርጂኒያ)

ባለስፓይደሩ፣ እኔም ይኸው መኪና አለኝ፤ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኝ ባለፈው በጋ መንገድ ላይ ወጥቷል። ስለ ቦዲው የምጨምረው የለኝም። ሞተሩ ይሠራል ማለትዎ ግን አሳስቦኛል፤ ለመሆኑ የካምሻፍቱን ችንጋ ቀይረዋል?

19 ዓመት የቆመ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም ታማኝ አይደለም። ሲቀይሩት ደግሞ ሰዎች ሁለቱን ካምሻፍትና ክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ብቻ በምልክታቸው ላይ አድርገው ከጎን ያለውን ረዳት ዘንግ ይዘነጉታል። እኔ ዘንግቼዋለሁ። ያ ዘንግ የዘይት ፓምፑን የሚያዞር ሲሆን፣ የቤንዚን ፓምፑን የሚገፋ ጉብታም አለው፤ ቦታውን ካልያዘ ጉብታው ከሁለተኛው ፒስተን ክንድ ጋር ይጋጫል። ሞተሬን በሞተሪኖ ስነካው የሰማሁት አንድ ደረቅ ድምፅ ነበር፤ አምስት ወር የፈጀ ሥራ በዚያች ቅጽበት ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ስለዚህ ችንጋውን ካስገቡ በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥተው ክራንክ ሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩት። የሚያግድዎ ነገር ከተሰማዎት አይግፉ፤ መልሰው ይፈትሹ።

አንድ ደስ የሚል ነገርም ልንገርዎ። በዚህ ሞተር የባልቦላ ክፍተት የሚስተካከለው በላይ በሚቀመጥ ክብ ብረት ስለሆነ፣ ካምሻፍቱን ሳያወርዱ መቀየር ይቻላል። የላምፕሬዲን ብልሃት በእጄ ይዤ ያየሁት ያን ክብ ብረት በትንሽ መንጠቆ ሳወጣው ነው። የእኔ ሞተር ከዚያ በኋላ የስፌት መኪና ይመስል ፀጥ ብሎ መሥራት ጀመረ።

መልስ 4
ጸሐፊ፦ ባለስፓይደሩ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ የምመልሰው ሥራውን ሳልጨርስ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው።

አምስተኛ ማርሽ፣ መልእክትዎን ባነበብኩበት ማታ ወርጄ ችንጋውን አየሁት፤ በጥርሶቹ ሥር በጣት ሲታጠፍ የሚታይ ስንጥቅ ነበረው። አዲሱ እስኪመጣ ሞተሩን አላስነሳም።

የቶሪኖዋ እህቴ፣ በጻፉልኝ ቅደም ተከተል ሠራሁ። መጀመሪያ ሰያፉን ስለካ ልዩነቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ ስለነበር ተጣሞ ይሆናል ከሚለው ፍርሃት ወጣሁ። ከዚያ የፊቱን የብየዳ መስመር በግራይንደር ስቆርጥ፣ የመጨረሻዋ ጣት ያህል ስትቀር ላሜራው ራሱ ‘ጧ’ ብሎ ተላቀቀና አፉ 3 ሚሊሜትር ያህል ተከፈተ፤ በውስጡ ምን ያህል ተወጥሮ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ክሪኩን በሩብ ዙር፣ ዘንጉን በግማሽ ዳዶ እያደረግኩ፣ ባለቤቴ በበሩ ክፍተት ላይ መለኪያ ይዛ ቁጥሩን ጮክ ብላ እያነበበችልኝ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከላይ 4.5፣ ከታች 5 ሚሊሜትር ስትል አቆምኩ። ብየዳውን በአንድ ማታ አልጨረስኩትም፤ በአጭር በአጭሩ እየዘለልኩ አራት ማታ ወሰደ። በየማታው መጨረሻ ላይ ስንለካው ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ዘንጉን የፈታሁት ትናንት ነው። በሩን በሁለት ጣት ገፋሁት፤ ሳይነካ ገብቶ ተቆለፈ።

የላዳው መካኒክ ወንድሜ፣ ክንዱን አውርጄ ማማውን በካቻቢቴ ወጋሁት። የመዳፍ ስፋት ያህል ቦታ ተበሳ፤ ከጠበቅኩት በላይ ነው። የቡሎኑን ቀዳዳ ከሦስት ነጥብ ለክቼ ልኬቱን በግድግዳው ላይ ጽፌዋለሁ፣ ብረቱንም ቆርጬ ማዕዘኑን አክብቤ አዘጋጅቻለሁ። በቀኝ በኩል ያለው የበር ግርጌም መቀየሩ አይቀርም፤ በሩ እንደተሰቀለ ነው፣ ማሰሪያውን ዘንግም ከአሁኑ በይጄበታለሁ።