ለሰሜን ተራሮች ምን ገዛችሁ?

የጉለሌው፦ ጥቅምት ላይ ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ነው። ሰሞኑን ከመርካቶ ሰልባጅ ላባ የተሞላ ጃኬት አገኘሁ። ዚፑ ይነክስ ነበር፤ ሻማ አሸት ሳደርግበት ለቀቀ። ጫማ ላይ ግን እስካሁን አልቆረጥኩም። እናንተስ በቅርቡ ምን ገዛችሁ?

ቁልቁለት ወዳጅ፦ እኔ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቦት ገዛሁ፣ ግማሽ ቁጥር አስበልጬ። ቁልቁለት ላይ ጣት ወደፊት ይገፋላ! ስትለካ ከሰዓት በኋላ ሂድ፣ እግር ሲያብጥ። ወፍራም ካልሲህንም ይዘህ። የሱፍ ይሁን ታዲያ፤ ጥጥ ላብ መጥጦ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ጋሽ ዱላ፦ ልጆች፣ ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊት ውርጭ አለ። ለመኝታ ከረጢት ብር አታፍስሱ፣ ደባርቅ ይከራያል። እኔ ዘንድሮ የገዛሁት የግንባር ባትሪና የሚታጠፍ ዱላ ብቻ ነው። ጉልበቴ ዱላውን አመስግኗል። ጋቢ ደግሞ ከከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ አትናቁት።

የጉለሌው፦ ጋቢውስ አለ ጋሼ። የዝናብ ልብስ ልያዝ?

ቁልቁለት ወዳጅ፦ ቀለል ያለ ያዝ። ባይዘንብም ለነፋሱ ይሆንሃል።