«ተመስገን» ስል የምዋሽ ይመስለኛል

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ስምንት ወር ሆኗታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ እያስፈቀድኩ ይዣት እመላለሳለሁ። ጎረቤት «እንዴት አደራችሁ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ቃሉ ግን ከልቤ ከወጣ ቆይቷል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ምእመናን «በሁሉ አመስግኑ» ብሎ እንደ ጻፈ አውቃለሁ። ሌሊት ስታቃስት እየሰማሁ ያደርኩ ሰው ጠዋት ስለ ምን አመሰግናለሁ? ዝም ብል ኃጢአት፣ ባመሰግን ውሸት ሆነብኝ።

ዲያቆኑ፦
እኅቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። እሑድ ቅዳሴ ስታስቀድሺ ጸሎተ አኰቴትን፣ የምስጋናውን ጸሎት፣ ልብ ብለሽ ስሚው። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ፣ በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው ብሎ ይጀምርና ወዲያው ምክንያቱን ይቆጥራል፦ ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አቀረበን፣ ወደ እርሱ ተቀበለን፣ አጸናን፣ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፣ እስከዚች ሰዓት አደረሰን። ግሶቹ በሙሉ የተፈጸመ ነገር የሚናገሩ ናቸው፤ ገና ስላልመጣው ነገር ደስ ይበልሽ የሚል የለባቸውም። ጳውሎስም «በሁሉ» ሲል በየትኛውም ሁኔታ ውስጥ ሆናችሁ ማለቱ እንጂ ሕመሙን ራሱን መልካም ነው በሉ ማለቱ አይመስለኝም። ስለዚህ ለጎረቤትሽ የምትመልሺው ቃል «እስከዚች ሰዓት ደርሰናል» ማለት ከሆነ አልዋሸሽም።

አንባቢ፦
ወንድማችን ስለ አኰቴት ያለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በ«በሁሉ» ላይ ብቻ ቆመን ጥያቄውን ዘጋነው ማለት አንችልም፤ ያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 5 «ስለ ሁሉ» አመስግኑ ይላልና። እኔን የሚረዳኝ ዳዊት ነው። ለሰኞ የተመደበውን የዳዊት መዝሙር የሚደግም ሰው መዝሙር 12ን (በሌላው አቈጣጠር 13ን) ያገኛል፤ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» እያለ ይጀምርና በመጨረሻው ቁጥር ለእግዚአብሔር ይዘምራል። ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ክፍል ቆርጣ የመጨረሻውን ብቻ ድገሙ አላለችም። ኢዮብም ቢሆን ለቅሶ ቤት ሁሉ የሚጠቀሰው በምዕራፍ 1 «የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን» ያለው ነው፤ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን መርገሙን ግን የሚያነሣ ሰው ብዙም አልገጠመኝም። እኅቴ፣ ምሬትሽን ለእግዚአብሔር ሳትነግሪው ወደ «ተመስገን» ለመዝለል ስለሞከርሽ ይሆናል ቃሉ የከበደሽ።

አንዲት እናት፦
ልጄ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ባለቤቴን ግን ሁለት ዓመት አስታምሜአለሁ። ያኔ ትልቁ ምስጋና እንደ ተራራ ሲሆንብኝ በትንሹ ጀመርኩ። መርፌውን ሳታሠቃየው በአንድ ጊዜ ላስገባችው ነርስ፣ ተራውን ለለቀቀልን በሽተኛ፣ ወጡን በሳህን ለላከችልኝ ጎረቤት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ። ቃሉን ልብ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔ የምከፍለው የለኝም፣ ስለ እኔ እርሱ ይክፈልህ ማለት ነው፤ ሰውን ሳመሰግን አምላክን ጠርቻለሁ። ጌታ ከፈወሳቸው ዐሥር ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ ጌታም «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ዘጠኙ ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም፤ ወደየቤታቸው ተቻኩለው ይሆናል። የአስታማሚ ሰውም ነገር እንዲሁ ነው፣ ጥድፊያው ሁሉን ያስረሳል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ መዝሙሩን ለእናቴ አነብላታለሁ፤ «እስከ መቼ» የሚለውን እርሷም ሳትወደው አትቀርም። እማማ፣ እርስዎ ያሉት ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ፤ ባለፈው ማክሰኞ የታክሲው ረዳት አንድ ወጣት ከጋቢና አስነሥቶ እናቴን አስቀመጠልኝ፣ እኔም ለመውረድ ስጣደፍ ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው ሄድኩ። ዓርብ በዚያው ሰዓት እንወጣለን፤ እፈልገዋለሁ።