የጣና ዳር ቀበሌ የጤና ጥያቄ ለየትኛው ምክር ቤት ይቅረብ?

የጣና ዳር ሰው

ጤና ይስጥልን ወገኖች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመራጫችን በእረፍታቸው መራጩን ለማነጋገር ወደ ወረዳችን እንደሚመጡ ተነግሮናል። ቀበሌያችን ሐይቁ ዳር ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ውኃ ሲተኛበት በእግርም በመኪናም መውጫ የለም፣ ጀልባ ብቻ ነው። ለማቅረብ የተስማማነው ሦስት ጉዳይ ነው። የጤና ኬላው መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የጤና መድህን የከፈለ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። ምጥ የያዛት እናት የምትሻገርበት የጀልባ አምቡላንስ የለም። እስካሁን ስንጠይቅ የሚመለስልን «በዕቅድ ተይዟል» ነው። የምክር ቤቱንም የጤናውንም አሠራር የምታውቁ፣ ጥያቄው እንዴት ቢዘጋጅ ነው መልስ የሚያገኘው?

ዓባይ ማዶ

ሦስቱ ጥያቄዎች ባለቤታቸው አንድ አይደለም። በአንድ ትንፋሽ ለአንድ ሰው ከቀረቡ ሦስቱም ይባክናሉ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 ለፌዴራል መንግሥት የሰጠው የጤናን አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸምን ነው። የጤና ጣቢያውን ነርስ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ አዲስ አበባ ያለው ምክር ቤት አይደለድልም። ገንዘቡ በድጎማ ወደ ክልሉ ይመጣል፣ ከክልሉ በጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ይወርዳል፣ እዚያ ደግሞ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ተመራጫችሁ ተነስተው «ለእገሌ ቀበሌ ጀልባ ይገዛ» ብለው ሚኒስትሯን ቢጠይቁ፣ «የክልሉና የወረዳው ኃላፊነት ነው» የሚለው መልስ በሕግ ትክክል ነው። ትክክል ስለሆነም ክርክሩ እዚያው ያበቃል፣ እናንተም አንድ ዓመት ታጣላችሁ።

ለፌዴራል ተመራጭ የሚሆነው የትኛው ነው? የመድኃኒት አቅርቦቱ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የፌዴራል ተቋም ነው፣ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅና የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ጥያቄው የሚነሳበት ጥሩ ቦታም አለው፤ ጤና ሚኒስቴር የስድስትና የዘጠኝ ወር አፈጻጸሙን ሲያቀርብ። የተቋሙን ሪፖርት የሚመረምረው ቋሚ ኮሚቴ ስለሆነ፣ ለተመራጩ የምትሰጡትን ጽሑፍ ቅጂ ለኮሚቴውም ላኩ። ኮሚቴው ለመስክ ምልከታ ሲወጣ የጽሑፍ ግብረ መልስ ይሰጣል፤ ይህ በአዳራሽ ከሚነገር ቃል ይበልጣል።

የመድህኑ ክፍያና የጀልባው ጉዳይ የወረዳና የክልል ምክር ቤት ነው። ጊዜውን ደግሞ አትሳቱ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ የጤናው ወረዳ ተኮር ዕቅድ ግን የሚዘጋጀው ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ሰኔ ላይ «ጀልባ እንፈልጋለን» ማለት ድልድሉ ካለቀ በኋላ መምጣት ነው። ጥር ላይ ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት።

ደንገል

ዓባይ ማዶ ያሉት ትክክል ነው። ነገር ግን አቅራቢውን ከመክሰሳችሁ በፊት መድኃኒቱ የቆመው የት ላይ እንደሆነ እወቁ። ብዙ ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ እያለ ኬላው ባዶ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጤና ኬላ በየወሩ ለጤና ጣቢያው ሪፖርት ያደርጋል። ከፍተኛው ክምችቱ የ2 ወር፣ ዝቅተኛው የ1 ወር፣ የአስቸኳይ ጊዜ ወለሉ የ1 ሳምንት ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ በየሁለት ወሩ ለአቅራቢው ሪፖርትና መጠየቂያ ይልካል። የእሱ ከፍተኛ የ4 ወር፣ ዝቅተኛ የ2 ወር፣ የአስቸኳይ ወለሉ የ2 ሳምንት ነው። የኬላው ክምችት ከ1 ሳምንት በታች ሲወርድ የወሩን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልግም፣ የአስቸኳይ መጠየቂያ ይላካል። ይህን ሳያደርጉ ወር ሙሉ መጠበቅ የተለመደ ጥፋት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ስሌቱ ላይ ነው። መጠየቂያው ላይ መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ አለ፣ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይታለፋል። ለምሳሌ ጤና ጣቢያው በ60 ቀን ውስጥ 90 የወባ ፈጣን መመርመሪያ ተጠቀመ እንበል። ከ60ው ቀን 30ውን ግን መመርመሪያ አልነበረውም። ዓምዱ ካልተሞላ የወር ፍጆታው 45 ይመስላል፣ የ4 ወሩ 180 ይሆናል። ከተሞላ ግን የወሩ 90፣ የ4 ወሩ 360 ነው። እጥረቱ ራሱ ቀጣዩን ጥያቄ ያሳንሰዋል፣ ያነሰው ጥያቄ ደግሞ እጥረቱን ይመልሰዋል። ይህን ዙሪት የሚሰብረው ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) በየቀኑ በትክክል መሞላቱ ብቻ ነው።

ለሐይቅ ዳር ቀበሌ አንድ ነገር ይጨመራል። የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ መንገዱ ይቆረጣል፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ የወባው ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። በወር እየተመላለሱ መሙላት እንዲህ ላለ ቦታ አይበቃም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «መድኃኒት ይጨመርልን» ሳይሆን «በውኃ የሚቆረጡ ኬላዎች ሙሉ የ2 ወር ክምችታቸው ከሐምሌ በፊት እንዲገባ፣ በየወሩ የሚሞላበት ጀልባና ተጠያቂው ሰውም ከወዲሁ እንዲመደብ» ነው። ይህ ለጤና ጣቢያውና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ነው፣ ሚኒስትር አያስፈልገውም።

ወባ፣ ቲቢ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ በፕሮግራም በነፃ የሚመጡ ናቸው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን ጤና ጣቢያው በተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም ከመድኃኒት ያገኘውን ገቢ መልሶ መግዣ በሚያደርግበት ገንዘብ፣ የሚገዛው ነው። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ከጠፋ መድህኑ ለጤና ጣቢያው ያልከፈለው ዕዳ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የደም ግፊት መድኃኒት ከጠፋ ግን ሊሆን ይችላል። ዝርዝራችሁን በእነዚህ ሁለት ክፈሉት።

ጉማራ

የመድህኑን እኔ ልጨምር። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአገር አቀፍ ደረጃ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች ሦስቱ የአማራ ክልል ነበሩ፤ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ። የጣና አካባቢ ገበሬ ነገሩን ከማንም በፊት ስለሚያውቀው «አታውቁትም» ተብሎ የሚሸኝ አይደለም።

«ከውጭ ግዛ» የሚመጣው እንዲህ ነው። አባሉ እህሉን ሰብስቦ ይከፍላል፣ ገንዘቡ በወረዳው ቋት ይገባል። ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ ይልካል፣ ወረዳው አጣርቶ ይከፍላል። ማጣራቱ ሲዘገይ የጤና ጣቢያው ተዘዋዋሪ ፈንድ ይደርቃል፣ ለአቅራቢው ዕዳ ይኖርበታል፣ ከዚያ ትእዛዙ ይቀንሳል፣ መደርደሪያው ይራቆታል። መድኃኒት ያጣ አባል በቀጣዩ ዓመት አያድስም። የሚያድሰው በብዛት ሕመምተኛ ያለበት ቤት ስለሚሆን ቋቱ የባሰ ይሳሳል።

ስለዚህ የወረዳ ምክር ቤት አባላችሁ አራት ቁጥር ይጠይቁ፦ ባለፉት አራት ሩብ ዓመታት ጤና ጣቢያው የጠየቀው ስንት ነው፣ የተከፈለው ስንት ነው፣ ሒሳቡ የቀረበው መቼ ነው፣ የተከፈለውስ መቼ? አምስተኛ የመክፈል አቅም የሌላቸው አባወራዎች መዋጮ ገቢ ተደርጎ እንደሆነ ይጠየቅ። የእነሱን ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ፣ ካልገባ ደሃው ታክሞ ዕዳው ጤና ጣቢያው ላይ ይቀራል። የመድህኑን ቦርድ የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ስለሆነ «አይመለከተኝም» የሚል ሰው በአዳራሹ አይኖርም።

አባላቱም መድኃኒት ሲያጡ በቃል ብቻ አይመለሱ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ተጽፎ ቀን ተደርጎበት ማኅተም ይመታበት። ሃያ እንዲህ ያለ ወረቀት ከሃያ ሰው እሮሮ ይበልጣል። ለስብሰባ ሲቀርብ ግን የታካሚው ስምና በሽታው ይሸፈን።

የጣና ዳር ሰው

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቢን ካርዱንና የመድህኑን ሒሳብ ለማየት ስንጠይቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ቢሉንስ? ስለ ጀልባውም የምታውቁ ካላችሁ።

ዓባይ ማዶ

በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። የታካሚ መዝገብ አትጠይቁ፣ ይህን የመከልከል መብት አላቸው። የክምችትና የክፍያ ድምር ግን ለሕዝብ የሚገባ መረጃ ነው። ከከለከሉ የእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡበት፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

መርከብ ጣቢያ

የጀልባ አምቡላንሱን በጥንቃቄ ጠይቁት። «ጀልባ ይገዛልን» የሚለው ጥያቄ የካፒታል በጀት ብቻ ነው የሚያመጣው። ጀልባው ከተገዛ በኋላ ቤንዚን፣ ለቀንም ለሌሊትም የሚበቁ የጀልባ ነጂዎች ደመወዝ፣ የሞተር ጥገና፣ መለዋወጫ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ሁሉ ከሥራ ማስኬጃ ነው። ይህ መስመር ዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ ጀልባው በመጀመሪያው ብልሽት ዳር ላይ ይቀራል። በምሥራቅና በሰሜን ዳር እምቦጭ የሞተሩ የሚሽከረከር ክንፍ ላይ ስለሚጠመጠም ጥገናው ቀላል አይደለም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳም ትንሽ ጀልባ ወላድ ጭኖ መሻገሩ አደጋ ነው።

በእኔ እምነት ቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው በጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ነው። ሩቅ ያለች እናት ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድማ ገብታ ብትቆይ ምጥ በሌሊት ማዕበል ላይ አይዛትም። ማቆያው ክፍል ስላለ ብቻ ሥራ አይሠራም። የምግብ ማብሰያ፣ ማገዶ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና አስታማሚዋ የምታድርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ባዶ ሆነው የሚታዩት ማቆያዎች አብዛኛውን ጊዜ የጎደላቸው ምግብ ነው፣ እናቲቱ ቤቷን ትታ ሽሮና ዱቄት ተሸክማ መምጣት አትችልም። ቀበሌው ከመኸር በኋላ እህል ያዋጣ፣ ጤና ጣቢያው ከውስጥ ገቢው ማገዶና ዘይት ይመድብ፣ ይህም በጤና ጣቢያው ቦርድ ቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ማቆያው ሳትገባ ምጥ ለያዛት እናት ደግሞ አዲስ ጀልባ ከመጠበቅ በአካባቢው ካሉት የሞተር ጀልባ ባለቤቶች ጋር የአንድ ጉዞ ዋጋ አስቀድሞ ተቆርጦ ውል ይያዝ፣ ክፍያው ወረዳው ለአምቡላንስ ነዳጅ ከሚይዘው መስመር ይውጣ። ስልካቸው ጤና ኬላው በር ላይ ይለጠፍ።

ዓባይ ማዶ

መርከብ ጣቢያ ያሉት ለወረዳው ምክር ቤት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ለፌዴራል ተመራጫችሁ የምትሰጡት ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ አነጋገሩም በግምት ይህን ይምሰል፦

«ጤና ጣቢያችን በእነዚህ ሁለት ወራት ለባሕር ዳር ቅርንጫፍ ይህን ያህል የወባ መድኃኒትና መመርመሪያ ጠይቆ ይህን ያህል ደርሶታል፤ የጠየቀበትና የተረከበበት ቀን ከመጠየቂያው ቅጂ ጋር ተያይዟል። በውኃ ለሚቆረጡ የጣና ዳር ቀበሌዎች አገልግሎቱ ከክረምት በፊት የሚያደርገው የተለየ ሥርጭት አለ ወይ? ካለ ለየትኞቹ ጤና ጣቢያዎችና በየትኛው ወር? ከሌለ እስከ መቼ ይዘጋጃል?»

«ለምን አታስቡልንም» የሚል ቃል አይግባበት፣ ማብራሪያ ብቻ ያስመልሳል። ቀን የሚጠይቅ ጥያቄ ቀን ይዞ ይመለሳል፣ ባይመለስም አለመመለሱ በቃለ ጉባኤው ላይ ይታያል። ጽሑፉን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ተመራጩ ይውሰዱ፣ በሌላው ላይ መቀበላቸውን በፊርማና በቀን ያረጋግጡ። የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ከመቅረቡ በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ ያንን ቅጂ ይዛችሁ ጥያቄው ለኮሚቴው ደርሶ እንደሆነ ጠይቋቸው።