የመዳረሻ መንገዳችን ማመልከቻ፦ አንቀጽ 3 ላይ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦
እንደምን ዋላችሁ። ማመልከቻው እስከ መጋቢት 30 መግባት ስላለበት ረቂቁን ልዝጋው ብዬ ነው። አንቀጽ 3 አሁን እንዲህ ይላል፦ «ከዋናው መንገድ መገንጠያ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው 1,200 ሜትር፣ በ6 ሜትር ስፋት፣ 3 ሳንቲሜትር አስፋልት ይልበስልን። ድንጋይና ጉልበት ከማኅበሩ።» አስተያየት ያላችሁ ወዲህ በሉ፤ ግን አታንዛዙት።

ባለአይሱዙው፦
እኔ ጥቁር ሆኖ ካየሁት ይበቃኛል። በዚያ ዳገት ላይ የጨረስኩትን ጎማ እግዜር ይቁጠረው።

የላብራቶሪው፦
ጸሐፊ ይቅርታ፣ እኔ ላንዛዛ ነው። 3 ሳንቲም የሚለው ይውጣ። ለመንገድ ፊት በሚውለው ትኩስ ድብልቅ (በጋለ ሬንጅ የተለወሰ ጠጠር) ውስጥ ትልቁ ጠጠር ብዙ ጊዜ 14 ወይም 20 ሚሊሜትር ነው። የንጣፉ ውፍረት ከትልቁ ጠጠር ሁለት ተኩል እጥፍ ካልሆነ ሮለሩ ጠጠሩን ይሰብረዋል እንጂ አይጠቀጥቀውም። ስለዚህ በ20 ጠጠር ከሄድን፣ ተጠቅጥቆ 5 ሳንቲም መሆን አለበት።

ሌላው ብርዳችን ነው። ድብልቁ ከማምረቻው ሲወጣ 150 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ወደ 90 ከወረደ በኋላ ሮለር ቢመላለስበት ድካም ብቻ ነው። ቀጭን ንጣፍ ደግሞ በደብረ ብርሃን ነፋስ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጥሩ ድብልቅ ሲነደፍ ከ3 እስከ 5 በመቶ አየር ይተውለታል፤ መንገዱ ላይ ከ8 በመቶ ካለፈ ግን ውኃ ውስጡ ይገባል። አምና ከሌላ ሥራ የተረፈ ድብልቅ ለምነን በአካፋ የደፈንነውን ጉድጓድ ታስታውሳላችሁ አይደል? በመስከረም ሄጄ አንድ ቁራሽ አነሳሁ። ጠጠሩ በሬንጅ ተለውሶ ያብለጨልጫል፣ በጣቴ ጫን ስለው ግን እንደ ቆሎ ተበተነ። ድብልቁ ጥፋት የለበትም፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ቀዝቅዞ ነው።

እትዬ ገንዘብ ያዥ፦
ልጄ፣ 5 ሳንቲም በ1,200 ሜትር 360 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 2.3 ቶን ስለሚመዝን፣ በ2.3 ብታባዛው 830 ቶን ገደማ። እኔ የረቂቁ 500 ቶን እንኳ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የላብራቶሪው፦
ልክ ነዎት እትዬ። ግን ሁሉም ቦታ ትኩስ ድብልቅ ለምን ያስፈልገናል? ዳገቱ 400 ሜትር ነው፤ እዚያ ብቻ 5 ሳንቲም ካደረግነው 276 ቶን ይሆናል። ሜዳው 800 ሜትር በሁለት ዙር ሰርፌስ ትሪትመንት ይሠራ። ሬንጅ ይረጫል፣ 20 ጠጠር ይበተናል፣ ሮለር ይሄድበታል፤ ከዚያ እንደገና ሬንጅ፣ በላዩ 10 ጠጠር። ይህ ለመንገዱ ጉልበት አይጨምርም፣ ጉልበቱ ከሥሩ ካለው ቤዝ፣ ማለትም ከተጠቀጠቀው የድንጋይ መሠረት ነው። ሥራው ውኃ እንዳይገባና አቧራ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ጠጠሩ ንጹሕ ይሁን እንጂ፤ አቧራ የለበሰ ጠጠር ሬንጅ አይዝለትም።

ባለአይሱዙው፦
ታዲያ ዳገቱንም በዚሁ አንሠራውም?

የላብራቶሪው፦
አንተ ጭነህ በአንደኛ ማርሽ ስትወጣ ጎማህ ጠጠሩን አንድ በአንድ ይነቅለዋል። ጤና ጣቢያው በር ላይ መኪና የሚዞርበትም እንደዚያው ነው፣ እሱንም ከትኩሱ ጋር ቁጠሩት።

ወጣቱ አባል፦
ውኃ የሚያሳልፍ አስፋልት አለ ይባላል። ዝናቡ ዝም ብሎ ቢሰርግስ?

የላብራቶሪው፦
አለ። ከመቶው 20 ገደማው ክፍተት የሆነ ድብልቅ ነው። ግን ከሥሩ ውኃ የማያስገባ ሌላ ንብርብር ይፈልጋል፣ ውኃው በጎን ወደ ቦይ እንዲወጣ። ደግሞ በጋሪና በከብት እግር የሚመጣው ጭቃ በአንድ ክረምት ይደፍነዋል። ለእኛ አይሆንም።

ጋሼ ሊቀመንበር፦
ስለ ላዩ ብዙ አወራችሁ። ከባሕር ዛፉ በታች ያለውን እጥፋት ማንም አላነሳውም። እዚያ በኅዳር እንኳ መሬቱ ርጥብ ነው፣ አፈሩም ዋልካ ነው። በበጋ እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፣ በሐምሌ ያብጣል። በላዩ ምን ብታለብሱት ይገነጥለዋል።

የላብራቶሪው፦
ጋሼ፣ ይህንን ራሴ ማንሳት ነበረብኝ። ዋልካው እዚያ ቦታ ተቆርጦ ይውጣና በገረጋንቲ ይተካ፤ ከላዩ ሰብ ቤዝ (ከቤዙ በታች ያለው ንብርብር)፣ ከዚያ የተፈጨ ድንጋይ ቤዝ። ከላይ በኩል ደግሞ ቦይ ይቆፈርና ቱቦ ይቀበር። ቦዩ ካልተሠራ ማመልከቻውን ባናስገባው ይሻላል።

ጸሐፊ፦
ዋናው መንገድ ሲሠራ አስፋልቱ በሁለት ንብርብር ሲነጠፍ አይቻለሁ። እኛስ?

የላብራቶሪው፦
ከታች ያለው ቢንደር ይባላል፣ ጠጠሩ ሻካራ፣ ሬንጁ አነስ ያለ ነው፤ ክብደቱን እሱ ይሸከማል። ላዩ ዌሪንግ ነው፣ ደቀቅ ያለና ሬንጁ ከ5 እስከ 6 በመቶ። ያ ቀንና ሌሊት ተሳቢ ለሚያልፍበት ነው። ለእኛ አንዱ ይበቃል፣ ግን ቤዙ ላይ ፕራይም (ቤዙ የሚመጠው ቀጠን ያለ ሬንጅ) ተረጭቶ አንድ ሁለት ቀን ይምጠጥ።

የሬንጁም ዓይነት ይጻፍ። 80/100 የሚባለው ለስለስ ያለ ነው፣ ለብርድ አገር ይሻላል። ቁጥሩ መርፌ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በ100 ግራም ጫና፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ ስንት አሥረኛ ሚሊሜትር እንደሚገባ ነው።

ባለአይሱዙው፦
ጣርማበርን ወርደህ ሮቢት ስትገባ ጃኬት ታወልቅ የለ፣ ሬንጁም እንደዚያ ነው በለኛ።

የላብራቶሪው፦
በትክክል። እዚያ ጠንከር ያለው ነው የሚያስፈልገው፣ አለዚያ ጎማ ቦይ ያወጣለታል።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ አንቀጽ 3 ተቀይሯል፦ «በመጀመሪያ ቦይና ቱቦ፣ በእጥፋቱ ላይ ዋልካው ወጥቶ ገረጋንቲ። ዳገቱ 400 ሜትርና የጤና ጣቢያው መዞሪያ 5 ሳንቲሜትር ትኩስ ድብልቅ፤ ቀሪው ሜዳ በሁለት ዙር ሰርፌስ ትሪትመንት፤ ሬንጅ 80/100። ንጣፉ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ ውርጩ ከለቀቀ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይጀመር። የእያንዳንዱ መኪና ድብልቅ ሙቀት ከመገልበጡ በፊት በማኅበሩ ተወካይ ይለካ።»

እትዬ ገንዘብ ያዥ፦
ተስማምቻለሁ። መዞሪያውን ለክታችሁ ቶኑን ንገሩኝ። መለኪያውን ግን ከየት እናመጣለን፣ ጤና ጣቢያውን እንጠይቅ?

የላብራቶሪው፦
እትዬ፣ የእነሱ 42 ላይ ያልቃል። እኔ አመጣለሁ።