ያለቀ ካባ ላይ ቃጫ እንትከል? የቡድናችን ክርክር

አወያይ፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከአቃቂ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ ጥቁር ድንጋዩ ወይም ሬዳሹ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ወጥቶ ያለቀ ካባ፣ ማለትም የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ፣ ሞልቷል። ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ አቧራ ይነሳበታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የማዕድን ሥራ ያበላሸውን መሬት በሄምፕ (ለቃጫ የሚዘራው የካናቢስ ዝርያ)፣ በኬናፍ (ግንዱ ቃጫ የሚሰጥ የቆላ ተክል) እና በመሳሰሉት የቃጫ ሰብሎች ለማከም፣ ከምርቱም ገመድ፣ ጨርቅና የግንባታ ሰሌዳ ለመሥራት ያጠናሉ። እኛስ? ያለቁት ካባዎች ለቃጫ ሰብል ይሰጡ ወይስ አይሰጡ? «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ቢታሰብበት» ለማለት የምትገቡ ሰዎች ባትገቡ እመርጣለሁ።

የኮብል ልጅ፦ ይሰጡ። ማኅበራችን ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ ካባው ሲያልቅ ተበተነ። መዶሻና መሮ የያዘ እጅ ቃጫ መፋቅ አያቅተውም። ገበያውም ራሱ እየመጣ ነው፤ በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ነገ ሰው ሽንኩርቱን በምን ሊይዝ ነው? በወጣት ስም የሚሰጠን ሥራ ዶሮ እርባታና ጀበና ቡና ብቻ ሆኖ ቀረ። መሬቱን እንደሆነ ማንም አይሻማንም፤ ለእህል አይሆንም፣ ለቤት ገደል ነው።

ከአፈር ጋር የዋልኩ፦ ወንድሜ፣ የደቡብ አፍሪካው ጣጣ ሌላ ነው። እዚያ ወርቁ ከወጣ በኋላ በተከመረው የተፈጨ ዝቃጭ ውስጥ አርሴኒክም ዩራኒየምም አለ። ፓይራይት የሚባለው ማዕድን ደግሞ አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ተክል የሚፈለገው መርዙን በሥሩ አፍኖ እንዲይዝ ወይም ወደ ግንዱ ስቦ እንዲያወጣ፣ አቧራውንም እንዲያስቀር ነው። ቃጫ የተመረጠውም ሰው ስለማይበላው ነው። የእኛ ካባ ባዛልት (ጥቁሩ ድንጋይ)፣ ኢግኒምብራይት (ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ድንጋይ) እና ሬዳሽ የወጣበት ነው። ወርቅ የሚለዩበት መርዝ፣ ሳያናይድ፣ አልፈሰሰበትም። ችግሩ መርዝ አይደለም፣ አፈር ማጣት ነው፤ የላዩ አፈር በዶዘር ተገፍቶ ሄዷል።

ሰብሎቹንም እንያቸው። ኬናፍና ጥጥ ቆላ ይወዳሉ፤ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ሲሳል፣ ያ ቃጫ የምንለው ባለ እሾሁ ተክል፣ ድንጋያማ መሬት ይችላል፤ ውርጭ ግን ይጎዳዋል። ቅጠሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆረጠው በሦስት ዓመት ገደማ ነው፣ ከ100 ኪሎ ቅጠል የሚወጣው ደረቅ ቃጫ ደግሞ 4 ኪሎ ያህል። የቀረውን ጭማቂና ገለባ ወዴት ልታፈሱት ነው? ለደጋው የሚስማማው ተልባ ነው። ተልባ ግን ለስላሳ፣ የለማ አፈር ይሻል፤ የአገራችን ዘርም ሲመረጥ የኖረው ለፍሬው ስለሆነ አጭርና ቅርንጫፋም ነው፣ ረጅም ቃጫ አይገኝበትም።

ማዕድን ያበላሸው መሬት የምትሉ ከሆነ ጉጂ ለገደንቢ አለ፤ የወርቁ ፈቃድ በ2010 በሕዝብ ተቃውሞ የታገደበት። ይህ ክርክር እዚያ ቢደረግ ትርጉም አለው።

ዝም ያልኩ፦ ሄምፑን ብቻ ትከሉልን፣ ለቀሪው እኛ አለን።

አወያይ፦ ለአንተም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አለልህ። ደቡብ አፍሪካ ሄምፕን የግብርና ሰብል ብላ የተቀበለችው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ አገር ተክሉን መዝራት ወንጀል ነው። ስለዚህ ሄምፕ ከክርክሩ ወጥቷል፤ ወደ ቁም ነገሩ።

የኮብል ልጅ፦ ባለሙያ ሁልጊዜ የማይሆንበትን ምክንያት ነው የሚደረድረው። እሺ፣ ካባው ላይ መርዝ የለም እንበል። አቃቂ ወንዝ ዳርስ? የፋብሪካውና የቆዳው ፍሳሽ ሁሉ ወደዚያ አይደል የሚወርደው? የምትሉትን ቃጫ እዚያ እንዝራዋ!

የወንዝ ዳር አትክልተኛ፦ ቆይ እስቲ ልጄ፣ እኔን ነው የምትዘራብኝ? ያ መሬት ባዶ አይደለም፤ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን አለበት፣ የከተማው ሰው የሚበላው። ለጥናት ነው እያሉ በየዓመቱ መጥተው ቆስጣዬን ነቅለው ይወስዳሉ። ውጤቱን መጥቶ የነገረኝ ግን አንድም የለም። ከሌላ ሰው አፍ ነው የምሰማው፦ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስ የሚባሉ መርዛማ ብረቶች አሉበት ይላሉ። እኔ ውሃውን አላቆሸሽኩትም፤ ከላይ ሲመጣ ቆሽሾ ነው የሚደርሰኝ።

ደግሞ ስሌቱን ተመልከት። ቆስጣ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ በየሳምንቱ ብር ይዤ እገባለሁ። ተልባ ስትል መቶ ቀን ቆሜ ልጠብቀው፣ ከነሥሩ ልንቀለው፣ ከዚያ ቃጫው እንዲላቀቅ ውሃ ውስጥ ልዘፍዝፈው፣ ላድርቀው፣ ልቀጥቅጠው ነው። ማን ነው የሚገዛኝ? የሚፈትለው ፋብሪካ የት ነው? ገዢውን አምጥተህ ውል አስፈርመኝና ቆስጣውን ነገ እነቅላለሁ። ከዚያ በፊት ግን «የአቃቂ አትክልት መርዝ ነው» እያላችሁ ዋጋዬን ብቻ ታወርዱብኛላችሁ።

ከአፈር ጋር የዋልኩ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ተክል መሬቱን በቶሎ ያጸዳል የሚለውም ተስፋ የተጋነነ ነው። በጣት እንቁጠረው። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ወደ 2,600 ቶን ይመዝናል። በኪሎ አንድ ሚሊግራም ካድሚየም ለመቀነስ ከዚያ ሁሉ አፈር 2.6 ኪሎ ካድሚየም ማውጣት አለብን። ሰብሉ በዓመት 10 ቶን ደረቅ ምርት ቢሰጥ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ውስጥም 5 ሚሊግራም ስቦ ቢይዝ (ይህ ለጋስ ግምት ነው)፣ የሚወጣው 50 ግራም ነው። ለአንዷ ሚሊግራም 52 ዓመት ማለት ነው፤ ያውም ከላይ አዲስ ፍሳሽ ካልመጣ። ቃጫ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፦ ያ መሬት ሰው የማይበላው ነገር ያበቅላል። ጽዳቱ መጀመር ያለበት ከፋብሪካው በር ነው።

የጤና ጣቢያዋ፦ ስለ ተልባ ሁላችሁም የዘለላችሁትን ልንገራችሁ። ተልባ ካድሚየምን ፍሬው ውስጥ በማጠራቀም ይታወቃል። ለቃጫ ነው ብላችሁ የተበከለ መሬት ላይ ብትዘሩት ፍሬውን ማን ይጥለዋል? ዐቢይ ጾም ሲገባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በየቤቱ ይበጠበጣል። ገበያ ላይ ከጤናማው ተልባ የሚለየው ምልክት የለውም። እኔ ልጆች የሚመዘኑበት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ይህን ሐሳብ እንዳላያችሁት ብታልፉት ደስ ይለኛል።

አወያይ፦ ይህ መልስ ያስፈልገው ነበር፤ የኮብሉ ልጅ እስካሁን አልመለሰም። በእኔ በኩል ተልባ ወንዝ ዳር የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አብቅቷል።

ስፌት ሰፊ፦ ልጆቼ፣ ኬናፍ ምናምን የምትሉትን አላውቀውም። የስፌት ሣር ግን አውቃለሁ። እኛ ያደግነው መስከረም ሲጠባ ሰንደዶ እየመዘዝን፣ አክርማ እየነቀልን ነው። ሁለቱም ደጋ ይወዳሉ። አክርማ እንዲያውም ከብት ረግጦ ያደረቀው፣ ሌላ ሣር የተወው ቦታ ላይ ነው የሚወጣው፤ ሥሩ ጠንካራ ነው፣ ነቅዬ ልጨርሰው ቢሉት አያልቅም። አሁን ሜዳው ሁሉ ቤት ሆነና ጠፋ። አክርማ ፍለጋ ሩቅ ነው የምንሄደው፤ ልጆቹማ በማዳበሪያ ክር መስፋት ጀምረዋል፣ ሞሰቡ ያብለጨልጫል ግን ሞሰብ አይመስልም። ቃጫ ካላችሁ ይሄም ቃጫ ነው። ማሽን አይፈልግ፣ ፋብሪካ አይፈልግ፣ ገዢው ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሏል።

የኮብል ልጅ፦ እማማ፣ እሱ ለስንት ሰው ሥራ ይሆናል? እኛ እኮ ብዙ ነን።

ስፌት ሰፊ፦ ያንተ ኬናፍ እስካሁን ለስንት ሰው ሆነ?

ከአፈር ጋር የዋልኩ፦ እማማ ልክ ናቸው፤ እስካሁን ከተነሱት ሁሉ ለዚህ አየር የተፈጠረው የእሳቸው ነው። ግን አክርማም ቢሆን በአለት ላይ አይበቅልም፣ ስስም ቢሆን አፈር ይፈልጋል።

የሲኖትራክ ሹፌር፦ አፈር አፈር ትላላችሁ፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ የምጭነው ምን መሰላችሁ? የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር መጀመሪያ የሚወጣው ያ ጥቁሩ መረሬ ነው። መሐንዲሱ ለመሠረት አይሆንም፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል ይላል፤ ተነስቶ በምትኩ ገረጋንቲ ይገባል። መረሬውን የት ድፋ ይሉኛል? አይነግሩኝም። ወንዝ ዳር የሚደፋ አለ፣ የሰው ማሳ ጥግ ላይ የሚደፋም አለ። ከካባው ገረጋንቲ ጭኜ ከተማ እገባለሁ፣ ከከተማ መረሬ ጭኜ እወጣለሁ፣ በባዶው ካባ በር ላይ አልፌው እሄዳለሁ። መረሬውን እዚያው ድፋ የሚለኝ አንድ ሰው ቢኖር እኮ ነገሩ አለቀ።

አወያይ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሰብል ስንጨቃጨቅ ዋናው ነገር ለካ መንገድ ላይ ነበር። እኔ ከዚህ በኋላ ከሹፌሩ ጋር ነኝ።

የውሃ ሰው፦ ቀስ በሉ። አቃቂ አካባቢ ሬዳሹና ቀዳዳማው ባዛልት ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ የሚወጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ያሉበት ድንጋይ ነው። ውሃ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ቆሻሻም ያሳልፋል። «አፈር ድፉ» ብላችሁ በሩን ከከፈታችሁ ከአፈሩ ጋር የቀለም ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ ዘይትና የቤት ጥራጊ አብሮ ይገባል። ሹፌሩ ቢምል እንኳ የጫነለትን ሁሉ አያይም። ካባ በሙሉ አንድ አይደለም፤ በሬዳሹ ጉድጓድና በጠጣሩ ባዛልት መካከል ልዩነት አድርጉ።

የሲኖትራክ ሹፌር፦ አልምልም። ጭነቱን የሚያይ ሰው በር ላይ ይቁም፤ ያልተገባ ካየ ይመልሰኝ።

ሕግ የሚያነብ፦ የዘበኛው ደመወዝ ከየት ይመጣል እንዳትሉ፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማዳን የሚያስፈልገውን ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ስለዚህ መሬቱን «ማንም አይፈልገውም» ከማለታችን በፊት ድንጋዩን አውጥቶ የሄደውን እንጠይቅ። ችግሩ የምንጠይቅበት በር መብዛቱ ነው። አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ ገብተዋል። ማኅበራቱ ደግሞ ፈርሰዋል፤ የፈረሰ ማኅበር ማን ይከሰዋል?

የኮብል ልጅ፦ እኛን ልትከሱ ነው አሁን?

ሕግ የሚያነብ፦ ድንጋዩን ስትጠርብ መልሶ ማልሚያ የተቆረጠ ገንዘብ ነበረ?

የኮብል ልጅ፦ የነገረን የለም።

የገበሬ ልጅ ገበሬ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ማንም አይሻማንም» ያላችሁት ካባ አንዱ የአባቴ ማሳ ነው። ገብስና ስንዴ ነበረበት። ድንጋይ ተገኘበት ተባለ፣ ካሳ ተከፈለን፣ ካሳው በሁለት ክረምት አለቀ። ድንጋዩ ሲያልቅ መሬቱ ይመለስልሃል ያለኝ ሰው አሁን በኃላፊነቱ ላይ የለም። ተልባም ትከሉ አክርማ፣ ውይይቱ ከእኛ ቢጀምር ምን ነበረበት?

የኮብል ልጅ፦ አባቴ፣ በርስዎ ላይ ክፉ አስበን አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የሹፌሩ አፈር ተጣርቶ ቢገባ፣ መሬቱም በስምዎ ቢመለስ፣ ዳገቱን ለአክርማና ለሰንደዶ ለእኛ ማኅበርና ለሰፊዎቹ ያከራዩናል?

የገበሬ ልጅ ገበሬ፦ መጀመሪያ አፈሩን ልየው። ገብስ የሚያበቅል ከሆነ አላከራይም።